ቂም ደብዳቤ ሲጽፍ

በሥራ ቦታ የሚፈጸም በቀል ራሱን በስሙ አይጠራም። “አለቃዬ ጠምዶኛል” የምትለው ሠራተኛዋ ናት፤ አለቃው ይህን በወረቀት አያሰፍርም። እሱ የሚጽፈው “የሥራ ሰዓት አለማክበርን ይመለከታል” ወይም “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል የተደረገ ዝውውር” ወይም “በአዲሱ መዋቅር የሥራ መደቡ መታጠፉን ስለማሳወቅ” ነው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ መሐል ላይ የተሰመረበት “ጉዳዩ”፣ ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም፣ ከዚያም ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች ዝርዝር። ደብዳቤውን ብቻ ያነበበ ሰው የሚያየው ሥርዓት ያለው መሥሪያ ቤት ነው።

ስለ አገራችን ሠራተኞች የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የደመወዝ፣ የማኅበርና የአድማ ታሪክ ነው። እዚህ የምከተለው ከዚያ ቀጠን ያለውን ክር ነው፤ አቤት ያለ ሠራተኛ ምን ይደርስበት ነበር፣ ሕጉስ መቼና እስከ የት ከጎኑ ቆመ የሚለውን። ሕጉ ከጎኑ መቆም ከጀመረ 60 ዓመት አልፎታል። በእነዚያው ዓመታት አለቆችም ሕጉን ጠንቅቀው አጥንተዋል፤ ታሪኩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ነገሩ በቅርበት ሲታይ ምን እንደሚመስል ለመረዳት አንዲት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ እናስብ። አቅራቢው 100 ካርቶን ወረቀት ሊያስገባ ተዋውሎ 80 ይዞ መጥቷል። አለቃዋ “ቀሪው በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፤ ለጊዜው የዕቃ መረከቢያውን ሞዴል 19 በመቶው ቁረጪለት” ይላታል። እሷ “ያልተረከብኩትን አልፈርምም” ትላለች። ማንም አይጮህም። አቅራቢው 20ውን ካርቶን ያመጣል ወይም አያመጣም፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የፊርማ መቆጣጠሪያው ይጀምራል። ጠዋት 2፡30 ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ ቀድሞ መስመሩን የሚያሰምረው ልጅ ታክሲ የጠፋበትን ሁሉ አምስት ደቂቃ ይታገሥ ነበር። አሁን የእሷ ስም ያለበት ገጽ ላይ ትዕግሥቱ አልቋል። በወሩ መጨረሻ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ በቀጣዩ የጽሑፍ። የስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ከዘጠና በታች ወርዶ የማያውቀው ነጥቧ ስልሳዎቹ ውስጥ ይገኛል፤ “የቡድን መንፈስ ይጎድላታል” የሚል አስተያየትም ታክሎበታል። ብትቃወም “አልተቀበልኩትም ብለሽ ፈርሚ” ትባላለች። ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት መዛወር ይመጣል፤ ደረጃው ያው፣ ደመወዙ ያው፣ ሥራው ግን የለም። ከሁሉ የሚከፋው ከሰዓት በኋላ አብረዋት ቡና ይጠጡ የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ አልተጣሏትም፤ ቡናውን ግን ሌላ ቢሮ ማፍላት ጀምረዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለብቻው ተነጥሎ ሕገ ወጥ ነው ሊባል የሚችለውን መፈለግ አድካሚ ነው። ማርፈዷ እውነት ነው። ነጥብ መስጠት የአለቃ ሥልጣን ነው። ዝውውሩም ደረጃዋን አልነካም። ቂሙ ያለው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው፤ ቅደም ተከተል ደግሞ ማኅተም አይመታበትም።

ወደ ኋላ እንሂድ። በጌታና በሎሌ ዘመን በቀል ምክንያት ማቅረብ አያስፈልገውም ነበር። ሎሌው ያደረው በጌታው ቤት፣ የበላው ከጌታው ማዕድ ነውና ከፊት መራቅ ብቻውን ቅጣት ነበር። መፍትሔው ሌላ ጌታ ፈልጎ ማደር፣ ወይም ደጅ ጠንቶ መታረቅ፣ ወይም ወደ ላይ አቤት ማለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በሥራው እንዳይናቅ። በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። የሚጠብቀው ግን ሠራተኛውን ከጎረቤቱና ከመንደሩ አፍ ነው፤ እንጀራ ከሚሰጠው ሰው እጅ አይደለም። ለዚያኛው “ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ” የሚለው ተረት እስከ ጭቃ ሹሙ ድረስ ወርዶ ይሠራ ነበር።

በዚያው ዘመን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሲቋቋሙ ወንበሩ አዲስ ሆነ፤ የቅጣቱ ብልሃት ግን ከቤተ መንግሥቱ ጋር አብሮ ገባ። ከቤተ መንግሥት የራቀ ሹመት እንደ ግዞት መቆጠሩ የታወቀ ነው። ደብዳቤው “ተሹመሃል” ይላል፤ የተሾመው ሰውም ዘመዶቹም ምን እንደተባለ ያውቃሉ። በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ ገርማሜ ንዋይ ነው። በአሜሪካ ተምሮ የመጣው ይህ ወጣት የወላይታ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት ማከፋፈል ጀመረ። ባላባቶቹ አቤት አሉ። ገርማሜ አልተሻረም፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር መነሻው ያ ዝውውር ብቻ ነበር ማለት ታሪክን ማሳነስ ነው። ቢሆንም በጥያቄ የመጣን ሠራተኛ ወደ ሩቅ ቦታ መላክ ጥያቄውን እንደማያጠፋው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የፋብሪካውና የባቡሩ ዓለም በሌላ መንገድ መጣ። ድሬዳዋን የፈጠረው የፈረንሳዮቹ የባቡር ኩባንያ ነበር፤ በኩባንያው ውስጥ አለቃና ሠራተኛ የሚለያዩት በደረጃ ብቻ ሳይሆን በቋንቋም በዜግነትም ነው። የባቡር ሠራተኞቹ በ1939 ዓ.ም. ሥራ አቁመው ነበር፤ አድማው በኃይል ተበተነ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ ኤችቪኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሲሆን ከዚያ በፊት የኖረው በኢንዶኔዥያ እርሻዎች ላይ ነው፤ አለቆቹም የለመዱትን የእርሻ አስተዳደር ይዘው መጡ። ቀደም ካሉት የሠራተኞች መደራጀቶች አንዱ ወንጂ ላይ መታየቱ አያስገርምም። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ደወል፣ በጥቂት ተቆጣጣሪ ሥር ሲውል የአንዱ በደል በማግስቱ የሁሉም ወሬ ይሆናል።

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሥራ ማኅበር መመሥረት የተፈቀደ መስሎ ነበር፤ “በሕግ መሠረት” የሚለው ቃል ግን ሕጉ እስኪወጣ ሰባት ዓመት አስጠበቀ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን በዝርዝር ደነገገ፤ እሱ ግን አሠሪና ሠራተኛን የሚያየው እንደ ሁለት እኩል ተዋዋዮች ነው፤ አንዱ ለሌላው እንጀራ የሚቆርስለት መሆኑ አይታየውም። ለውጡ የመጣው በ1954 መጨረሻ በወጣው ድንጋጌና እሱን ባጸናው በአዋጅ ቁጥር 210/1956 ነው። መሐል ላይ፣ በ1955፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን የመጡትም ከዚያው ከወንጂ ነበር።

ይህ አዋጅ ለርዕሳችን ዋነኛው መታጠፊያ ነው። አሠሪው በሠራተኞች መደራጀት ላይ ጣልቃ መግባት፣ በማኅበር አባልነት ማዳላት እንደማይችል ደነገገ፤ ይህን የሚሰማ የሥራ ግንኙነት ቦርድም አቋቋመ። ከዚህ በኋላ አሠሪው “ለምን አባረርከው?” ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ግን ጥያቄው በተፈጠረ ቀን መልስ ማዘጋጀትም ተፈጠረ። ቀድሞ “ውጣ” ማለት በቂ የነበረው አለቃ አሁን የግል ማኅደር መክፈት፣ ጥፋት መመዝገብ፣ ማስጠንቀቂያ መቁጠር ጀመረ። በመርሕ ደረጃ ይህ መሻሻል ነው፤ ያለ ምክንያት ከማባረር በምክንያት ማባረር ይሻላል። ምክንያቱን የሚጽፈው፣ የሚያስቀምጠውና ማኅደሩን የሚቆልፈው ግን ያው አንዱ ወገን ነው።

አዋጁ በር ላይ ያስቀራቸው ሰዎችም ነበሩ። ማኅበር ለማቋቋም በድርጅቱ 50 ሠራተኛ ያስፈልግ ነበር። ከዚያ በታች ባለው ጋራዥ፣ ዳቦ ቤት፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሰው ብቻውን ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛውና የሥራ መሪው ከአዋጁ ውጭ ተደርገዋል። እነዚህ ሦስቱ እስከ ዛሬ ድረስ ደጋግመው ይመጡብናል።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል የቦርድ ክርክር፣ የማኅበር ውስጥ ሽኩቻና ቀስ ያለ ዕድገት ነው፤ ብዙ አላቆምበትም። በየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን ከእንዳልካቸው መኮንን ካቢኔ ጋር ስምምነት እስኪፈረም አገሪቱ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በየመሥሪያ ቤቱ የፈነዱት አድማዎች ናቸው ለእኔ ይበልጥ የሚናገሩት። ደመወዝ ይጨመር ከሚለው ጎን “እገሌ ይነሳልን” የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳ ነበር። ሰው ለዓመታት የዋጠውን ለመናገር መጀመሪያ ያገኘው አጋጣሚ ያ ነበር፤ ብሶቱ ደግሞ ሥርዓት የሚባል ረቂቅ ነገር ላይ ሳይሆን ስም ባላቸው ሥራ አስኪያጆች ላይ ያረፈ ነው። ሠራተኛ አለቃውን በድምፅ ያወረደበት ብቸኛው የጸደይ ወቅት ይኸው ይመስለኛል።

ወቅቱም አጭር ነበር። በመስከረም 1968 ዓ.ም. በቦሌ በራሪ ወረቀት ያደሉ የነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተተኮሰ፤ የሞቱም ነበሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኢሠአማ ፈረሰ፤ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ወጣ። አዋጁ ለሠራተኛው ከመባረር ጥበቃ የሚሰጡ ድንጋጌዎች ነበሩት፤ እንዲያውም በወረቀት ደረጃ ከቀድሞው የላላ አይደለም። ማኅበሩ ግን ምርት ማሳደግና ሶሻሊዝም ማስተማር ሥራው ሆነ፤ ባለቤቱም፣ አሠሪውም፣ ማኅበሩን የሚመራውም በመጨረሻው ያው መንግሥት ነው። አቤት የሚባልበት ሦስተኛ ወገን ጠፋ።

በቀል ራሱ መልኩን የቀየረው ያኔ ነው። ማስጠንቀቂያ መቁጠር አስፈላጊ አልነበረም፤ አንድ ቃል ይበቃል። “አሻጥረኛ”፣ “አድኃሪ”፣ “አናርኪስት”። በኢኮኖሚ አሻጥር የተጠረጠረ ሥራ አስኪያጅ በሠራተኛው ጥቆማ ሊወድቅ ይችላል፤ ሠራተኛውም በሥራ አስኪያጁ። ቂም ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም ሄደ። የቢሮ ኩርፊያ ቀበሌ ደርሶ እስር የሆነበት፣ ከዚያም የከፋ የሆነበት ጊዜ ነው። “ዝም አይነቅዝም” የሚለውን የዛሬ ወላጆች ለልጆቻቸው ሥራ ሲገቡ የሚመክሩት ከዚያ ዘመን ተርፈው ስለሆነ ሰዎቹን ፈሪ ብሎ መናቅ አይገባም።

በዚያ ዘመን በቀል ከደረሰባቸው ሁሉ የሚታወቀው ደራሲው በዓሉ ግርማ ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ አይቶ “ኦሮማይ”ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው መጨረሻውን ብቻ ነው። መሐል ላይ ያሉት ወራት፣ ማለትም ደመወዝ የሌለበት፣ ስልክ የማይደወልበት፣ ትናንት ሰላም ይሉት የነበሩ ባልደረቦች መንገድ የሚሻገሩበት ጊዜ፣ በሥራ ቦታ በቀል ታሪክ ውስጥ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል።

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ቃላቱ ተቀየሩ። አዋጅ ቁጥር 42/1985 ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን ቁጥር ወደ 20 አወረደው፤ 377/1996 ደግሞ ወደ 10። ሕጉ እየተሻሻለ ነበር። በዚያው በ1985 ሚያዝያ ላይ ግን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነሱ አንዱ ነበሩ፤ በኋላ ታስረው፣ ታመው፣ በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፉ። ዶክተር ታዬ ወልደሰማያትም ከተሰናባቾቹ መካከል ናቸው። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሲቀጥሉ በ1988 ታሰሩ፤ 15 ዓመት ተፈርዶባቸው በ1994 ተፈቱ። የማኅበሩ የሥራ አስፈጻሚ አባል አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 መጨረሻ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ጉዳዩ በዓለም ሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ፊት በቁጥር 1888 ተመዝግቦ ለዓመታት ታይቷል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከቱትን ሁለቱን ዋና ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ን እና 98ን፣ ያጸደቀችው ገና በ1955 ዓ.ም. ነው። ፊርማው ከድርጊቱ በ30 ዓመት ቀድሞ ነበር።

ከእነዚህ ከታወቁት ጉዳዮች በታች ግምገማ የሚባለው ነበር። ግለሂስና ሂስ፣ ቃለ ጉባኤ፣ “በጓዶች ተገምግሞ”። ሐሳቡ አለቃም ከበታቹ ይገመገም የሚል ስለነበር መጀመሪያ ላይ የወደዱት ሰዎች አሉ። ብዙም ሳይቆይ መድረኩን የሚመራው ማን እንደሆነ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ለመናገር እጁን የሚያወጣ ሰው ቀደም ብሎ የተነገረውን የሚናገር ሰው ሆነ። የቢፒአር፣ ማለትም የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ቂም አዲስ ስም አገኘ፤ መዋቅር። ሁሉም ሠራተኛ ለራሱ ወንበር እንደ አዲስ ይወዳደራል፤ ያልተፈለገው “ምደባ አላገኘም”። ማንም አልተባረረም።

በዚህ ዘመን ከወጡት ሁሉ ግልጹ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 155/2000 ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቀደለት፤ የተሰናበተውም በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራ መመለስ እንደማይችል ደነገገ። የጉምሩክን ሙስና የማያውቅ የለም፤ ዓላማው ይገባኛል። ግን የአለቃ ጥርጣሬ ያለ ማስረጃ ሕግ ሆኖ ከወጣበት መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃው ራሱ ሌባ ቢሆን ማን ይጠቁማል? በ2003 የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ለዚህ መልስ ይሆናል ተብሎ ነበር። ያተኮረው ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ነው። 20 ካርቶን ወረቀት እዚያ አይደርስም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ለግሉ ዘርፍና ለመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ። በቀልን በሚመለከት የያዘው ቃል ጥሩ ነው። ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክርክር ተካፋይ መሆኑ የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል፤ እርግዝናን፣ ሃይማኖትን፣ የማኅበር አባልነትን ከመሰሉት ጋር ደርድሮ። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው መሣሪያ አለ። አሠሪው ለስንብት ምክንያት የሆነውን ጥፋት ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። ይህ ድንጋጌ በቀጥታ የሚመታው ያንን ማኅደር ነው፤ ጥፋትን ሰብስቦ፣ አስቀምጦ፣ ሠራተኛው ቅሬታ ባቀረበ ማግስት መምዘዝን። የአለቃው ድርጊት ክብርንና ሞራልን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል፤ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት በግልጽ ተጨምረዋል። በዚህ መብት ለመጠቀም ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመክሰስም ሦስት ወር። ሽማግሌ ልኮ፣ ጾም እስኪፈታ ታግሦ፣ “ይብረድለት” ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ሦስት ወር ሩቅ አይደለም።

ትልቁ ክፍተት የሚገኘው ሠራተኛው ከረታ በኋላ ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ እንዲመለስ ያዛል፤ ውዝፍ ደመወዝም በመጀመሪያ ደረጃ እስከ ስድስት ወር፣ በይግባኝ ከጸና እስከ አንድ ዓመት። ነገር ግን ከተፈጠረው ጠብ የተነሳ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ፣ ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግም ካሣ ተከፍሎት እንዲሰናበት መወሰን ይችላል። አስተዋይ ድንጋጌ ነው፤ ማንም ከሚጠላው አለቃ ጋር በግድ እንዲውል አይፈለግም። ውጤቱን ግን በአለቃው ዓይን እንየው። ጠቡን የፈጠረው እሱ ነው፤ ጠቡ በከረረ ቁጥር ሠራተኛው የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ካሣው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፤ በወር 9,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 54,000 ብር፣ ከስንብት ክፍያውና ከማስጠንቀቂያ ጊዜው ደመወዝ ሌላ። ለአንድ መካከለኛ ኩባንያ ይህ የአንድ ስብሰባ የሆቴል ወጪ ነው። ሂሳቡን አስቀድሞ ሠርቶ የሚያባርር አሠሪ ሕጉን አልጣሰም ለማለት ይቸግራል፤ ዋጋውን ጠይቆ ገዛው እንጂ።

ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላም የሥራ ልምድ ወረቀት ይቀራል። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ክሊራንስ ጨርሺ፣ ኃላፊው መስክ ወጥቷል፣ ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት እያለ ወራት ይፈጃል። ሲሰጥም “በነበሩበት ጊዜ በመልካም ሥነ ምግባር” የምትለዋ ሐረግ ቀርታ ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤት የሚያውቅ ሁሉ የዚያን ሐረግ አለመኖር ማንበብ ይችላል። ካላነበበም ስልክ ይደውላል፤ በስልክ የተባለውን ደግሞ ማንም አያስረዳም።

ሦስቱ በር ላይ የቀሩት ዛሬም እዚያው ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው የራሱ አዋጅና የራሱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው። የቤት ሠራተኛዋ ግን በ1956ቱም በ2011ዱም አዋጅ ውስጥ የለችም፤ ምክር ቤቱ የተለየ ደንብ ያወጣላታል ተብሎ ለረጅም ዓመታት ተጠብቋል። እስከዚያ ያላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቤሩት የሚሠሩ እህቶቻችን ላይ የሚደርሰውን ስንሰማ የሊባኖስን ሕግ እንረግማለን፤ የ1946 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃ ውጭ አድርጓልና እርግማኑ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለችው ልጅም በሥራ ሕጉ ፊት በተመሳሳይ ቦታ ቆማለች። የሚለያቸው ካፋላ የሚባለው፣ የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ሥርዓት ነው። በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ አሠሪዋ “ጠፍታለች” ብሎ ባመለከተ ጊዜ በደል ሸሽታ የወጣች ሴት በአንድ ወረቀት ሕገ ወጥ ትሆናለች። ከዚህ የረቀቀ የበቀል ደብዳቤ አላየሁም፤ የሚጽፈው አሠሪው ነው፣ የሚያስፈጽመው ፖሊስ ነው።

ሦስተኛው የሥራ መሪው ነው፣ ማለትም ስለ በቀል ስናወራ በተለምዶ የምንከሰው ሰው። መቅጠርና ማሰናበት፣ መመደብና መቅጣት የሚችል፣ የአሠሪውን ጥቅም የሚመለከት ውሳኔ የሚሰጥ ሠራተኛ ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ነው፤ ከአሠሪው ጋር ሲጣላ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲሆን ወደ ሥራ መልሱኝ ማለት አይችልም። የክፍል ኃላፊው ከላይ ታዝዞ የግምጃ ቤቷን ሠራተኛ ሲያሳድድ እሱ ራሱ ከእሷ ያነሰ ጥበቃ ይዞ ነው። “አልፈርምም” ያለች ሠራተኛ ፍርድ ቤት ሄዳ ልትመለስ ትችላለች፤ “አላሳድዳትም” ያለ ኃላፊ ግን አይመለስም። ይህንን የሚያውቅ ድርጅት ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። አስቸጋሪዋን ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ ማዛወር፣ ነጥብ መቀነስ አያስፈልገውም። ኃላፊ ያደርጋታል። የሹመቱ ደብዳቤ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ይመጣል፤ ባልደረቦቿም እንኳን ደስ አለሽ ይሏታል፤ ቡናውም ወደ እሷ ቢሮ ይመለሳል። እንድትፈርም ከሚሰጧት ወረቀቶች መካከል አዲሱ የሥራ ዝርዝር አለ፤ በውስጡም የበታች ሠራተኞችን የመቅጣትና የማሰናበት ሥልጣን ተጽፏል።